የተመሰከረለት ጠላቂ ማን ነው? የስኩባ ማዕረግ በአባያ ድፍርስ ውሃ ሲመዘን

«ማስተር ስኩባ ዳይቨር» የሚል ካርድ የያዘ ሰው አርባ ምንጭ ቢመጣና ከአባያ ሐይቅ ወለል የደለል ናሙና እንዲያወጣ፣ ገመዱ የተበጠሰ የመለኪያ መሣሪያ እንዲፈልግ ወይም የሰጠመ ሰው አስከሬን እንዲያነሣ ቢጠየቅ፣ ካርዱ ስለ ብቃቱ ምን ያረጋግጣል? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የመጠሪያ ክርክር ይመስላል። ይሁን እንጂ ሰውን ወደ ውሃ የሚያሰማራ የምርምር ቡድን መሪ ፊርማውን የሚያኖረው እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ ተደግፎ ስለሆነ፣ የተሳሳተ መልስ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ይህ አጭር ጽሑፍ ማዕረጉ በትክክል ምን እንደሚመሰክር፣ ምን እንደማይመሰክርና በአባያ ውሃ ሲመዘን ምን ያህሉ ጸንቶ እንደሚቆም ይመረምራል። የጠላቂ ሊቅነት የሚለካው በደረሰበት ጥልቀት ወይም በሰበሰበው ካርድ ብዛት አይደለም፤ ችሎታው በየትኛው ውሃ እንደተፈተነ ለይቶ በማወቁና በፊቱ ያለው ውሃ ከዚያ በምን እንደሚለይ ሳይገባ ማስላት በመቻሉ ነው የሚል መከራከሪያ ይዟል።

ማዕረጉ የሚመሰክረው

ስኩባ ጠላቂው የሚተነፍሰውን አየር ራሱ ተሸክሞ ወደ ውሃ የሚገባበት ዘዴ ነው። ፈረንሳውያኑ ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን እ.ኤ.አ. በ1943 ለጠላቂው እስትንፋስ እየታዘዘ አየር የሚለቅ ሬጉሌተር እስኪሠሩ ድረስ፣ ከውሃ በታች ረዘም ላለ ጊዜ መሥራት በአብዛኛው ከላይ በቱቦ አየር የሚገፋላቸው ባለ ከባድ ቆብ ጠላቂዎች ሙያ ነበር። አዲሱ መሣሪያ ጠላቂውን ከቱቦው ነጻ አወጣው። ከላይ ሆኖ ይጠብቀው ከነበረው ሰውም ለየው፤ ይህ ሁለተኛው ነጥብ በኋላ ስለሚያስፈልገን ልብ ይባልልኝ። ዘዴው ወደ መዝናኛነት ሲስፋፋ ሥልጠናውን የሚመሩ ድርጅቶች ተቋቋሙ። ናዊ እ.ኤ.አ. በ1960፣ ፓዲ ደግሞ በ1966 በአሜሪካ ተመሠረቱ፤ ዛሬ በዓለም ላይ በስፋት የሚታወቁት ካርዶች ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው የሚወጡ ናቸው።

በፓዲ አሠራር «ማስተር ስኩባ ዳይቨር» ለመባል አንድ ሰው የነፍስ አድን ጠላቂነትን ሥልጠና ማጠናቀቅ፣ በአምስት ልዩ ዘርፎች ምስክር ወረቀት መያዝና ቢያንስ 50 ጥልቆሾችን በመዝገቡ ማስፈር ይጠበቅበታል። ለታዳጊዎች በተዘጋጀው ደረጃ የ12 ዓመት ልጅም ሊያገኘው ይችላል። በናዊ ዘንድ ያው መጠሪያ ራሱን የቻለ ኮርስ ሲሆን፣ ለፊዚክስ፣ ለፊዚዮሎጂና ለአካባቢ ዕውቀት ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጣል። በሁለቱም ዘንድ ማዕረጉ የመዝናኛ ጥልቀት ከፍተኛው ደረጃ እንጂ የሙያ ፈቃድ አይደለም። ማዕረጉን የያዘ ሰው ሌላውን ማስተማር አይችልም፤ ለክፍያ ቡድን መምራትም አይፈቀድለትም። ይህን ለማድረግ «ዳይቭማስተር» እና «ኢንስትራክተር» በሚባሉት የሙያ ደረጃዎች ማለፍ ይኖርበታል። የመጠሪያዎቹ መመሳሰል ብዙ ሰው ያሳስታል።

ለአማርኛ አንባቢ ነገሩን የሚያቀርበው ንጽጽር ከአብነት ትምህርት ቤት ይገኛል። የድጓ ተማሪ በቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕት ተማሪ በዙር አምባ፣ የቅዳሴ ተማሪ በሰለልኩላ ይመሰከርለታል። እዚያ ምስክርነቱ ከቦታው አይለይም፤ አንድ ሊቅ «የት ተመሰከርክ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የዕውቀቱን ዓይነት ጭምር ይናገራል። የተመሰከረለትም ጉባኤ ተክሎ ማስተማር ይችላል። የስኩባው ካርድ በሁለቱም መንገድ ከዚህ ይለያል። የማስተማር ሥልጣን አይሰጥም፤ «የት?» ለሚለው ጥያቄም በካርዱ ላይ መልስ የለውም። አምስቱን ልዩ ዘርፎች በውሃ ውስጥ ፎቶግራፍ፣ በዓሣ መለየትና በመሳሰሉት ያሟላ ሰው፣ በፍለጋና ማውጣት፣ በምሽት ጥልቀትና በከፍታ ቦታ ጥልቀት ካሟላው ጋር አንድ ዓይነት ካርድ ይይዛል። ሃምሳው ጥልቆሽም ቢሆን እያንዳንዱ 40 ደቂቃ ቢፈጅ በድምሩ 33 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ለንጽጽር ያህል፣ የአሜሪካ የውሃ ውስጥ ሳይንስ አካዳሚ ለሳይንሳዊ ጠላቂነት የሚጠይቀው ዝቅተኛ ሥልጠና ንድፈ ሐሳቡን ጨምሮ 100 ሰዓት ነው። በእኔ እምነት ማዕረጉን ማጣጣል ተገቢ አይደለም፤ ራስንና ጓደኛን ማዳን የተማረ ሰው ካልተማረው ይሻላል። ማዕረጉ የሚናገረው ግን መንገዱ በሚገባ መጀመሩን እንጂ ማለቁን አይደለም።

«ማስተር» የሚለው ቃል ከዚህ እጅግ የከበደ ትርጉም የያዘበት ስፍራም አለ። በአሜሪካ ባሕር ኃይል «ማስተር ዳይቨር» የጠላቂዎች ሁሉ የመጨረሻ ማዕረግ ነው። ካርል ብራሺር እ.ኤ.አ. በ1966 ከስፔን ጠረፍ አጠገብ ከወደቀ አውሮፕላን የጠፋ የኑክሌር ቦምብ በሚፈለግበት ሥራ ላይ ሳለ ግራ እግሩን ክፉኛ ተጎዳና ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። በ1968 በሰው ሠራሽ እግር ዳግም ጠላቂ ሆኖ ተመሰከረለት፤ በ1970 ደግሞ የባሕር ኃይሉ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ማስተር ዳይቨር ሆነ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የጽናት ምሳሌ ተደርጎ ይነገራል፤ ነውም። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን የማዕረጉ ይዘት ነው፦ የባሕር ኃይሉ ማስተር ዳይቨር ዋና ሥራ መጥለቅ ሳይሆን ከላይ ቆሞ የሌሎችን ጥልቀት መምራት፣ ማን እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚወጣና ሥራው መቼ መቋረጥ እንዳለበት መወሰን ነው።

የሥራው ልክ በአገራችን ታሪክም ታይቷል። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 409 ከቤይሩት ተነሥቶ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ሲወድቅ የተሳፈሩት 90 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። የበረራ መረጃ መቅጃዎቹን ከ45 ሜትር ገደማ ጥልቀት ያወጡት የሊባኖስ ወታደራዊ ጠላቂዎች ነበሩ። የመዝናኛ ጥልቀት ወሰን 40 ሜትር ነው። የአምስት ሜትሩ ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ቢመስልም፣ ከዚያ መስመር በታች ያለው ሥራ በማንኛውም የመዝናኛ ካርድ ላይ አልተመሰከረም፤ «ማስተር» የሚለውም ካርድ ከነዚሁ አንዱ ነው።

አባያ ምን ዓይነት ውሃ ነው?

አባያ በስፋቱ በኢትዮጵያ ከጣና ቀጥሎ የሚገኝና በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን መካከል ትልቁ ነው። ስፋቱ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ይህን ያህል ሰፍቶ ጥልቀቱ በጥልቁ ስፍራ 13 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የውሃው ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,170 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ብላቴ፣ ጊዳቦ፣ ገላና፣ ሐሬና ሌሎች ወንዞች ከሲዳማ፣ ከወላይታ፣ ከጉጂና ከጋሞ ደጋዎች እየጠረጉ የሚያመጡት ደቃቅ አፈር ውሃውን ቀይ ቡናማ አድርጎታል። የእግዜር ድልድይ በሚባለው ከፍታ ላይ ቆሞ ሁለቱን ሐይቆች የተመለከተ ሰው፣ አባያ ከጫሞ በቀለም እንዴት እንደሚለይ ያለ መሣሪያ ያውቀዋል። የውሃ ጥራት ለመለካት ወደ ውሃው የሚወርደው ነጭ ክብ ሰሌዳ በአባያ ግማሽ ሜትር ሳይሞላ ከዓይን ይሰወራል። ደለሉ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ቶሎ አይዘቅጥም፤ ሐይቁ ሰፊና ጥልቀት አልባ ስለሆነም ነፋስ በተነሣ ቁጥር ወለሉ ድረስ ይናወጣል።

ጠላቂው እዚህ ሲገባ አስቀድሞ የሚያጣው ዓይኑን ነው። የመዝናኛ ሥልጠና ዋና የደኅንነት መሠረት «የጓደኛ ሥርዓት» የሚባለው ነው፤ ሁለት ጠላቂዎች እየተያዩ ይጠልቃሉ፣ በእጅ ምልክት ይነጋገራሉ፣ አንዱ አየር ቢያልቅበት ሌላው ያካፍለዋል። ሥርዓቱ በሙሉ የቆመው በማየት ላይ ነው። የራስ እጅ በማይታይበት ውሃ ጓደኛ ቢኖርም እንደሌለ ይቆጠራል። እንዲያውም ሁለት ሰው በአንድ ገመድና በአንድ ጭቃ ውስጥ እርስ በርስ ሊተባተብ ይችላል። ስለዚህ በጨለማ ውሃ የሚሠሩ የፍለጋና የፖሊስ ጠላቂዎች ወደ ቀደመው ዘዴ ይመለሳሉ፦ አንድ ጠላቂ በገመድ ታስሮ ይገባል፣ ገመዱን ጀልባ ወይም ዳር ላይ ያለ ሰው ይይዛል፣ ሌላ ተጠባባቂ ጠላቂ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ይቀመጣል። ንግግሩ በገመድ ስበት ነው፤ የስበቱ ቁጥር ትርጉም አስቀድሞ ይወሰናል። ስኩባ በ1943 የለየው የላይኛው ጠባቂ በድፍርስ ውሃ ተመልሶ ይመጣል ማለት ነው። ገመድ ያዡ ከጠላቂው ያነሰ ዕውቀት ይበቃዋል ብሎ ማሰብ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሰዓቱን የሚቆጥረው፣ የአረፋውን አወጣጥ የሚመለከተው፣ ነፋሱንና የውሃውን ገጽ የሚቃኘው እርሱ ነው።

ዓይን ሲጠፋ ሌላም ነገር አብሮ ይጠፋል። ላይና ታች ይምታታል፤ ሚዛንን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮ ያለ ዓይን እርዳታ በቀላሉ ይታለላል። ልምድ ያለው ጠላቂ የትንፋሹን አረፋ በእጁ ዳስሶ ወዴት እንደሚሄድ በማወቅ ሽቅቡን ይለያል። የአየር መጠን መለኪያው ከመነጽሩ ጋር ካልተጣበቀ አይነበብም፤ አንዳንዴም ተጣብቆ አይነበብም። ስለዚህ የአየር አጠቃቀም የሚታቀደው በሰዓት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። አንድ ሦስተኛው ለመጠባበቂያ ቢቀመጥ 1,600 ሊትር ይቀራል። የተረጋጋ ጠላቂ በደቂቃ 20 ሊትር ቢተነፍስ፣ በአባያ ወለል ላይ ያለው አጠቃላይ ግፊት 2.1 አትሞስፌር ገደማ ስለሆነ ፍጆታው በደቂቃ 42 ሊትር ይሆናል፤ አየሩ 38 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። የደነገጠ ሰው ግን እስትንፋሱ በቀላሉ እጥፍ ይሆናል፤ ያው አየር 19 ደቂቃ ብቻ ያገለግለዋል። ከሁለቱ ቁጥሮች የትኛው እንደሚሠራ የሚወስነው ጭቃ ውስጥ እጁ ከመረብ ጋር የተጠላለፈበት ሰው በዚያች ቅጽበት የሚያደርገው ነው። ይህን በካርዱ ላይ ማንበብ አይቻልም። አስቀድሞ ጥርት ባለ ውሃ መነጽሩን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ፣ ደጋግሞ፣ እጁ ያለ ሐሳብ ዕቃውን እስኪያገኝ የተለማመደ ሰው ነው ሐሳቡን ለችግሩ ማዋል የሚችለው።

«ጥልቀት የሌለው ውሃ አያሰጋም» የሚለው አስተሳሰብ

13 ሜትር ሲባል ብዙ ሰው ይናቀዋል። ፊዚክሱ ግን የሚናገረው ተቃራኒውን ነው፤ የጋዝ መጠን በፍጥነት የሚለወጠው ለገጹ ቅርብ በሆነው ክፍል ነው። ከባሕር ጠለል በ10 ሜትር ጥልቀት የተሞላ ሳንባ እስትንፋሱን ይዞ ቢወጣ አየሩ ሁለት እጥፍ ይሆናል። በአባያ ከዚህ ትንሽ ይበልጣል፤ ምክንያቱም በዚያ ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት 0.87 አትሞስፌር ገደማ ብቻ ነው። የሳንባ መቀደድ አደጋ እስትንፋስ ተይዞ ከአንድ ሜትር ትንሽ ከፍ ካለ ጥልቀት በመውጣትም ሊደርስ እንደሚችል የጥልቀት ሕክምና ያስተምራል። በጭፍን ውሃ የደነገጠ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ደግሞ ትንፋሹን ይዞ ሽቅብ መሮጥ ነው።

ተንሳፋፊነትም ከባሕር ወደ ሐይቅ ሲመጣ ይለወጣል። የባሕር ውሃ ከጨው አልባ ውሃ በ2.5 በመቶ ገደማ ይከብዳል። ቀይ ባሕር ላይ የሠለጠነ፣ ከነመሣሪያው 100 ኪሎ የሚመዝን ሰው እዚያ የለመደውን የእርሳስ ክብደት ሳይቀንስ አባያ ቢገባ 2.5 ኪሎ ያህል ትርፍ ክብደት ይዞ ይሰጥማል። በአሸዋማ ወለል ላይ ይህ የምቾት ጉዳይ ነው፤ ለስላሳ ጭቃ ላይ ግን እስከ ጉልበት ይቀብራል፣ ለመውጣት በታገለ ቁጥርም ውሃው ይብስ ይደፈርሳል።

የመንሳፈፍ ኃይል መቼ እንደሚያድንና መቼ እንደሚገድል የሚያሳይ መራራ ምስክር በአገራችን የበረራ ታሪክ ውስጥ አለ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው በረራ 961 ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ ጠረፍ አጠገብ ውሃ ላይ ሲያርፍ ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ከምቱ የተረፉ በርካታ መንገደኞች የሕይወት አድን ጃኬታቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ ነፍተውት ስለነበር፣ ውሃው ሲገባ ወደ ጣሪያው ገፍቶ አጣበቃቸው፤ ጠልቀው ወደ በሩ መድረስ አልቻሉም። ጃኬቱ አልተበላሸም። ለተሠራበት ሥራ በተሳሳተ ሰዓት ዋለ። በጠላቂው ወገብና ደረት ላይ ያለው መሣሪያ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ አየር የሚሞላው ጃኬት፣ የሚጣለው እርሳስ፣ የደኅንነት ገመዱ ራሱ፣ እያንዳንዱ የሚያድንበትና የሚያጠፋበት ሰዓት አለው።

አዞው፣ ጉማሬውና የማይታየው

ስለ አባያ ተጽፎ አዞ ካልተነሣ አንባቢ ይታዘባል። የናይል አዞ በሁለቱም ሐይቆች ይኖራል። የጎብኚው ዓይን የሚያርፈው በጫሞው «የአዞ ገበያ» ላይ ቢሆንም፣ ለጠላቂ የባሰው አባያ ነው፤ አዞው ሰውየውን በእንቅስቃሴና በንዝረት ሊያገኘው ሲችል ሰውየው ግን አዞውን ፈጽሞ አያየውም። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ማለቂያ ላይ በአርባ ምንጭ በአባያ ዳር የጥምቀት ሥነ ሥርዓት ይፈጽሙ የነበሩ አንድ ፓስተር በአዞ ተነክሰው ሕይወታቸው አልፏል። የቆሙት በሰው ተከበው፣ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ፣ በጠራራ ቀን ነበር። በስኩባ ሥልጠና መጻሕፍት ውስጥ አደገኛ የባሕር እንስሳትን የሚመለከት ምዕራፍ አለ፤ ምክሩም በጥቅሉ «አትንካቸው፣ አይነኩህም» የሚል ነው። የናይል አዞ በዚህ ስምምነት ውስጥ የለበትም። ጉማሬም ግዛቱን የሚጠብቅ እንስሳ ነው፤ ጀልባ ይገለብጣል። ከሁለቱም በላይ ዝም ብሎ የሚጎዳው በሐይቅ ዳር ቀንድ አውጣዎች የሚተላለፈው ብላርዚያ ሲሆን፣ እርጥብ ልብስ የለበሰ ጠላቂ ከተጋላጭነት ነጻ አይደለም።

ሐይቁ ግን የራሱ ሊቃውንት አሉት። ቆሮሶና አምባዛ ለማጥመድ ማለዳ የሚወጣው ዓሣ አስጋሪ፣ የጊዲቾ ደሴት ነዋሪ፣ ከቀላል ተንሳፋፊ እንጨት በታሰረ ታንኳ ላይ ቁጭ ብሎ ውሃውን የሚያነብ ሰው፣ ሐይቁ መቼ እንደሚናወጥ፣ አዞ የት እንደሚያደባ፣ ጉማሬ በየት በኩል እንደሚመላለስ ያውቃል። ይህ ሰው የውሃ ዕውቀቱን ያገኘው ውሃው ውስጥ ባለመግባት ነው። የአካባቢ ዕውቀት ለጠላቂ ቡድን ተጨማሪ ጌጥ ተደርጎ ሲታይ ያሳዝናል፤ በሥራው ዕቅድ የመጀመሪያው ሰነድ መሆን የሚገባው እርሱ ነው። ቡድኑ ጀልባ የሚከራይበት ሰው ጀልባውን ብቻ ሳይሆን «ዛሬ አይሆንም» የማለት መብቱንም ይዞ እንዲመጣ ውሉ ላይ ቢጻፍ መልካም ነው።

ከሐይቁ በኋላ ያለው ሽቅብ መንገድ

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው፣ ለአርባ ምንጭ የተለየውም ጉዳይ፣ ጠላቂው ከውሃ ከወጣ በኋላ የሚሆነው ነው። በግፊት ሥር የተተነፈሰ ናይትሮጅን በደምና በሕብረ ሕዋስ ውስጥ ይሟሟል፤ ግፊቱ በፍጥነት ሲቀንስ እንደተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ አረፋ ይሠራል። ጆን ስኮት ሃልዴንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1908 ባሳተሙት ጥናት (ሙከራው በአብዛኛው በፍየሎች ላይ ነበር) ሰውነት ግፊቱ በግማሽ ቢቀንስበት በአመዛኙ እንደሚችለው፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ግን በደረጃ መውጣት እንደሚያስፈልግ አሳዩ። የዛሬዎቹ ሠንጠረዦችና የእጅ ኮምፒውተሮች እጅግ ረቅቀዋል፤ ዋናው ሐሳብ ግን ያው ነው፦ ወሳኙ በታችኛውና በላይኛው ግፊት መካከል ያለው ንጽጽር እንጂ የሜትሩ ቁጥር ብቻ አይደለም።

አሁን ቁጥሮቹን በአባያ ላይ እናስቀምጥ። በ13 ሜትር ጥልቀት አጠቃላይ ግፊቱ 2.1 አትሞስፌር ገደማ፣ በሐይቁ ገጽ 0.87 ነው። ንጽጽሩ 2.4 ይሆናል፤ ይህም በባሕር ጠረፍ ከ14 ሜትር ተኩል ጥልቀት ጋር ይስተካከላል። እስከዚህ ድረስ የከፍታ ቦታ ጥልቀትን የተማረ ሰው ያሰላዋል፤ ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ ልዩ ስሌት እንደሚያስፈልግ ሥልጠናው ይነግረዋል። ነገር ግን ይኸው ሰው ከሰዓት በኋላ ሥራውን ጨርሶ፣ ዶርዜን ለማየት ወይም ለማደር፣ 37 ኪሎ ሜትር ወደምትርቀው ጨንቻ በመኪና ቢወጣስ? ጨንቻ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚያ የአየር ግፊቱ 0.72 አትሞስፌር ነው። ከሐይቁ ወለል ጋር ያለው ንጽጽር ወደ 3 ይጠጋል፤ በባሕር ጠረፍ ከ20 ሜትር ገደማ ጥልቀት እንደመውጣት ያህል ነው። የ13 ሜትሩ ጥልቆሽ በአንድ የመኪና ጉዞ ሰባት ሜትር ጠለቀ ማለት ይቻላል።

ጠላቂዎች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ደንብ አለ፦ ከጥልቀት በኋላ ወዲያው በአውሮፕላን አትሳፈር። በስፋት የሚሠራበት ምክር ከአንድ ጥልቆሽ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋጋሚ ጥልቆሽ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ ነው። ምክሩ የተዘጋጀው የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ከ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ በላይ እንዳይሆን ተደርጎ ስለሚጠበቅ ነው። ጨንቻ ገበያ መካከል የቆመ ሰው ታዲያ ከዚያ ተሳፋሪ ባነሰ ግፊት ውስጥ ይተነፍሳል። ደንቡን በቃል የያዘ ሰው «አልበረርኩም» ብሎ ይወጣል፤ ደንቡ ከምን እንደመጣ የገባው ሰው ግን የጋሞ ተራራ አውሮፕላን መሆኑን ያያል። በማዕረግና በዕውቀት መካከል ያለውን ርቀት ከዚህ ምሳሌ በላይ የሚያሳይ አላገኘሁም።

ይህ ሁሉ ለተመራማሪው ምን ያስከትላል?

የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1986 የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ሲጀመር ጀምሮ ሁለቱ ሐይቆች ከቅጥሩ የሚታዩ ቤተ ሙከራዎች ናቸው። በአባያ-ጫሞ ተፋሰስ ላይ ብዙ ተሠርቷል፤ ዶ/ር ስለሺ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2001 ለድሬስደን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናትም በዚሁ ተፋሰስ የውሃ ሀብት ላይ ነው። የሐይቅ ጥልቀት ከጀልባ ላይ በድምፅ ሞገድ ይለካል፤ የወለል ጭቃ በገመድ በሚወርድ መቆንጠጫ፣ የደለሉ ታሪክ ደግሞ በረጅም ቱቦ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ተማሪ የጥናት ንድፉ ላይ «ጠላቂ» ብሎ ሲጽፍ አማካሪው የመጀመሪያ ጥያቄ አድርጎ ሊያነሣ የሚገባው ይህን ይመስለኛል፦ ይህን ሥራ ገመድና ክብደት ሊሠራው አይችልምን? ለአብዛኛው የአባያ ሥራ መልሱ «ይችላል» ነው። ካርዱን የያዘ፣ ለመጥለቅም የጓጓ ሰው ይህን መልስ ራሱ አስቀድሞ ከሰጠ፣ ማዕረጉ ከሚለው በላይ አዋቂ መሆኑን አሳየ።

መልሱ «አይችልም» የሚሆንበት ጥቂት ሥራ ሲኖር፣ ለምሳሌ የሰጠመን ሰው ማውጣት ግድ ሲሆን፣ ዕቅዱ ከመጨረሻው መጀመር አለበት። ጠላቂው ቢታመም የግፊት ሕክምና ክፍል የት ነው? እንዴት ይደርሳል? ከስምጥ ሸለቆው የሚወጣው መንገድ ሽቅብ ነው፤ በወላይታ ሶዶ በኩልም ሆነ በሌላ፣ አዲስ አበባ ለመድረስ ከሐይቁ ገጽ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ መውጣት ያስፈልጋል፣ ይህም በታማሚው ሰውነት ውስጥ ያለውን አረፋ ያሰፋዋል። ለዚህ ሕመም የመጀመሪያው እርዳታ ንጹሕ ኦክስጅን ነው፤ በደቂቃ 15 ሊትር እየተሰጠ ከዘጠኝ ሰዓት የመኪና ጉዞ ጋር ሲሰላ 8,100 ሊትር ይፈልጋል። 10 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 1,500 ሊትር ይዟል። ስድስት ሲሊንደር ያስፈልጋል ማለት ነው፤ እነርሱም ጀልባው ከዳር ከመለየቱ በፊት ተሞልተው፣ ግፊታቸው ተነብቦ፣ መኪናው ላይ የተጫኑ መሆን አለባቸው።